ከፍ ያለው ወንበር

አባቴ መኪና የሚጠላበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠግን የኖረው አሳንሰር ነው።

"እኔ ሣጥን ውስጥ ያሳለፍኩት ጊዜ ይበቃኛል" ይላል። "በሩ ይዘጋል፣ ትቆማለህ፣ በሩ ሲከፈት ሌላ ቦታ ነህ። ይሄ መሄድ አይደለም፤ እንደ ዕቃ መላክ ነው። መኪናም ያው ነው፣ ልዩነቱ ወደ ጎን መላኩ ብቻ። ሞተር ላይ ግን ራስህ ትሄዳለህ።"

ታናሽ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሹካውን ያስቀምጣል። ጋራዥ አለው፤ የተጨማደደ ላሜራ እንደ ሸሚዝ ተኩሶ ያወጣል፤ ሰፈሩ ሁሉ ቱርቦ ነው የሚለው።

"አባባ፣ አንተ የምታውቀው ታክሲና ሚኒባስ ነው። ስፖርት መኪና ሌላ ፍጥረት ነው። መሬት ለመሬት ተቀምጠህ ነው የምትነዳው። አስፋልቱ ላይ ያለችው ጠጠር ሁሉ ወገብህን እየነካች ታወራሃለች። ኩርባ ስትገባ አይወላገድም፤ እንደ ድመት ጥፍሩን ይሰካል። ነዳጅ ረገጥ ስታደርግለት ደግሞ ወንበሩ ከጀርባህ ይገፋሃል፣ እንደ አባት።"

"እኔ መቼ ነው የገፋሁህ?"

"ትምህርት ቤት በር ላይ። በየቀኑ።"

"እሱስ እውነት ነው" ይላል አባቴ። "ዝናብ ሲመጣስ?"

"ጣሪያውን እዘጋለሁ።"

"አየህ! አምልጠሃል ማለት ነው። ሞተር ላይ ዝናብ ሲመጣ መጣ ነው፤ ተገናኝታችሁ ትሄዳላችሁ። ዳቦ ቤት ጋ ስታልፍ ዳቦ ይሸትሃል፣ አናጺ ቤት ጋ ስትደርስ እንጨት። ወንዙ ጋ ጉንጭህ ይቀዘቅዛል። ዓይንህን ጨፍነህ እንኳ የት እንዳለህ ታውቃለህ።"

"ዓይንህን ጨፍነህ አትንዳ" ትላለች እናቴ፣ ዓይኗን ከምታነበው ሳታነሳ።

እኔ ከሁለቱም ወገን አልነበርኩም። አውቶቡስ ተሳፋሪ ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ አልፈልግምም። ሥራዬ የተባረሩ ሠራተኞችን ይዞ ከአሠሪ ጋር መሟገት ነው። ቀኑን ሙሉ እውነተኛ በደል ስሰማ ውዬ፣ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ስለ ጎማ ብዛት ደም ሥራቸው እስኪገተር ሲከራከሩ ማየት ያንገበግበኛል። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ያ የአባቴ ሞተር ብስክሌት ለቤታችን ይሰጥ የነበረው ሌላ አገልግሎት ነበር።

እናትና አባቴ አፍ አውጥተው አይጣሉም። እናቴ የሒሳብ መምህርት ነበረች፤ ስትቆጣ ድምጿ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ከናካቴው ይጠፋል። አባቴ ደግሞ ሲቆጣ የሚፈታው ነገር ይፈልጋል፤ የበር ማጠፊያ፣ ቧንቧ፣ የግድግዳ ሰዓት። ነገሩ ሲጠና ከሁለቱ አንዳቸው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ሄልሜቶች ያወርዳል። ሌላው ቃል ሳይተነፍስ ይከተላል። አባቴ ያስነሳል፣ እናቴ ትፈናጠጣለች፣ ይሄዳሉ። ሲመለሱ የእናቴ ዓይን በነፋስ እንባ አቅርሯል፤ አባቴ ብርቱካን ገዝቶ መጥቷል፤ ጠብ የሚባል ነገር የለም። ማን እንዳጠፋ፣ ማን ይቅርታ እንደጠየቀ አይታወቅም።

ልጅ ሳለሁ እናቴን ያዝኳት። "ምን ተባባላችሁ?"

"ምን እንባባላለን? ሄልሜት አድርጎ ማን ማንን ይሰማል?"

"ታዲያ እንዴት ታረቃችሁ?"

"ልጄ፣ የሰው ወገብ አቅፈሽ ኩርባ ስትገቢ፣ ብትወጂም ባትወጂም አብረሽው ትጋደሚያለሽ። ቀጥ ብዬ ልኩራ ካልሽ ሁለታችሁም አስፋልት ላይ ናችሁ።"

ይህን መልስ ያኔም አልተቀበልኩትም፤ ጠበቃ ከሆንኩ ወዲህማ ጭራሽ። ጥፋቱ ያልተነገረው ሰው ነገም ያንኑ ያጠፋል። በነፋስ የደረቀ ቁስል የዳነ ቁስል አይደለም። ይህን ለሁለቱም ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። አባቴ "ጠበቃዋ፣ እኛ እኮ ደንበኞችሽ አይደለንም" ብሎ ያልፈኛል።

ከዚያ የእናቴ ዳሌ አለቀ። ለዓመታት ስታነክስ ቆይታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በብረት ተተካ። ሐኪሙ ሲሸኛት እግር አንፈራጦ መቀመጥ እንደማይፈቀድላት፣ ዝቅ ያለ ወንበርም እንደሚጎዳት፣ ሞተር የሚባለውን ነገር ደግሞ ከእንግዲህ እንድትረሳው ነገራት።

ቤት የገባች ዕለት ምርኩዟን ተደግፋ የጓሮው በር ላይ ቆመች። ሞተሩ ይቆምበት በነበረው ቦታ የቀረው ዘይት ያጠቆረው ሲሚንቶ ብቻ ነው። ሄልሜቶቹም ከግድግዳው ወርደዋል።

"የት ሄደ?"

"ሸጥኩት" አለ አባቴ።

"መቼ?"

"አንቺ ተኝተሽ ሳለ።"

"ማንን ጠይቀህ?"

አባቴ ካቻቢቴውን አንስቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ወዲያው የቁም ሣጥኑ በር ሲፈታ ሰማን።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን የመሰለ ጠብ ከሰዓት በኋላውን አይሻገርም ነበር። አሁን ግን የሚወጡበት ነገር የለም። ጠቡ ቤት ውስጥ ቀረና ከእነሱ ጋር ይበላ፣ ይተኛ ጀመር። ሳምንታት አለፉ። እኔና ቱርቦ ልንጠይቃቸው ስንሄድ አስተርጓሚ ሆንን።

"ለአባትሽ ንገሪው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል።"

አባቴ አጠገቧ ነው የቆመው። ክርናቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

"ለእናትሽ ንገሪያት፣ ሰምቻለሁ።"

"እኔ ምን ቤት ነኝ?" ብዬ ጮህኩ። "አፍ የላችሁም?"

ሁለቱም አፍ እንደሌላቸው ሰዎች አዩኝ።

አንድ ማለዳ እናቴ ስልክ ደወለች። "ያቺ ትርፍ ክፍልሽ ባዶ ናት?"

"መጻሕፍት አሉባት።"

"አውጪልኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ።"

"ለስንት ቀን?"

"ለስንት ቀን የሚባል ነገር የለም። ልኖርባት ነው።"

ቁጭ አልኩ። "እማዬ፣ ለአንድ አሮጌ ሞተር ብለሽ?"

"ለሞተሩ አይደለም። ይሄን ሁሉ ዓመት ከኋላው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አበቃ ብሎ ሲወስን ሊጠይቀኝ ይገባ ነበር። እሺ፣ አልጠየቀኝም፤ ለምን እንደሸጠው እንኳ ይንገረኝ። ቢዋሽም ይዋሽ። ከማይናገር ሰው ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጬ ማርጀት አልፈልግም።"

ያን ቀን ቀጠሮዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ወደ አባቴ በረርኩ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ የበር ቁልፍ ፈትቶ ገጣጥሟል፤ አሁን ደግሞ እንደገና ሊበታትነው ነው።

"ልትሄድ ነው፣ አባባ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ለምን ሸጥከው?"

"ብረት ከቆመ ይዝጋል።"

"ይሄ መልስ ነው?"

"እሷ አትቀመጥበትም። እኔም አርጅቻለሁ።"

"አርጅተሃል! ባለፈው ዓመት በጭቃ ተራራውን ወጥቶ የወረደው ማን ነው? ሌላ አባት አለኝ እንዴ?"

ከንፈሩ ሊስቅ ፈለገና ተወው። ያኔ ደሜ ፈላ። አሠሪዎችን የማፋጥጥበትን ድምፄን አወጣሁና ያለኝን ሁሉ ለቀቅኩበት፤ ዝምታ ጨዋነት እንዳልሆነ፣ ሰው ሲጠይቅ ዝም ማለት በሩን ፊቱ ላይ መዝጋት እንደሆነ፣ ከዚህ የከፋ ንቀት እንደሌለ።

"አልንቃትም" አለ ቀስ ብሎ። በጣቶቹ መካከል ትንሽ ሽቦ ይዟል።

"ታዲያ ተናገር!"

"አፌ ላይ ሲመጣ ሞኝ ነገር ይሆንብኛል።"

"ሞኙን ነገር ተናገረዋ!"

"እስቲ ወዲያ በይልኝ ልጄ፣ ብርሃን ከለከልሽኝ።"

በሩን ወርውሬ ወጣሁና ንዴቴን ይዤ ቱርቦ ጋራዥ ገባሁ። የሚሠራው በዚያች መኪናው ላይ ነው። አሮጌ ስፖርት መኪና ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ጣሪያዋ ይታጠፋል። ተጋጭታ ልትጣል ስትል ለምኖ ወስዶ ላሜራዋን በእጁ ቀጥቅጦ አስተካከላት። የዕቃ ማስቀመጫዋ አንድ ዳቦ ቢያስገቡባት ሁለተኛው ይቀራል።

"ቅዳሜ እማዬን ማን ያደርሳታል?" አለኝ።

"አንተ፣ በፒካፕህ።"

"ፒካፑ ላይ በምን ዳሌዋ ትወጣለች? መረገጫው ወገቧ ድረስ ነው።"

"ታክሲ እንጥራ።"

"ልጇ ጋራዥ እያለው? ሰው ምን ይለኛል?" የስፖርት መኪናዋን ጀርባ እንደ ፈረስ መታ መታ አደረገ። "በዚህች ትሄዳለች።"

"አብደሃል? ዳሌዋን በብረት የተካችን ሴት መሬት ላይ ልታስቀምጣት? ሐኪሙ ያለውን አልሰማህም? ነው ወይስ ጭንቅላትህንም ቀጥቅጠህ ነው ያስተካከልከው?"

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከፍርዱ በፊት ተከሳሽ ይሰማ እንጂ።" ሸራ ገለጠ። ከሥሩ የተሳፋሪው ወንበር ተነቅሎ ቆሟል፤ ብረት እግር በይዶለታል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ጠጠር ያለ ስፖንጅ ደራርቦ በቆዳ ሰፍቶታል። "ቁመቱን ቤት ካለው ወንበሯ ላይ ነው የለካሁት። ጉልበቷ ከዳሌዋ በላይ አይወጣም። አካላዊ ሕክምና የምትሠራላትንም ጠይቄያታለሁ።"

ወንበሩን አየሁት። "እዚህ ላይ ከተቀመጠች ጭንቅላቷ በጣሪያው ሊወጣ ነው።"

"ጣሪያው ክፍት ይሆናላ።"

"ማን ነው የሚነዳው?"

"እኔ ሻንጣዋን ይዤ በፒካፑ እከተላለሁ። አንቺ መንጃ ፈቃድ የለሽም።" ጥርሱን ፈገግ አደረገ። "እንግዲህ ማን ቀረ?"

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ መኪናዋን በአራቱም በኩል ዞሮ አያት፤ የተበላሸ አሳንሰር ሲያይ የሚያደርገው ነው። እናቴ ወንበሯን አየች።

"ይሄ ምንድን ነው? ዙፋን ነው?"

"ለንግሥት ነው" አለ ቱርቦ።

"ንግሥት ከቤቷ ስትወጣ ነው ዙፋን የሚሠራላት?" ወደ እኔ ዞረች። "ለአባትሽ ንገሪው፣ እስከ አንቺ ቤት ድረስ ብቻ ነው።"

"ንገሪያት፣ ሰምቻለሁ።"

እናቴ እንደተማረችው መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ ከዚያ እግሮቿን አንድ ባንድ አስገባች። ቀበቶው ከፍታው ላይ አልደርስ አላት። አባቴ ጎንበስ ብሎ በላይዋ አሳልፎ አሰረላት። ለሳምንታት ያን ያህል አልተቀራረቡም ነበር። እሷ ሰማይ ሰማይ ታያለች፤ እሱ መቆለፊያው ገብቶም ትንሽ ሲነካካው ቆየ።

እኔና ቱርቦ በፒካፑ ከኋላ ተከተልን። ሻንጣዋ በእግሬና በእግሩ መካከል ነው። ፊት ለፊታችን ሁለት ጭንቅላት ይታያል፤ አንዱ ከመስታወቱ በላይ ወጥቶ፣ ሌላው ከመሪው ሥር ተቀብሮ። ረዥም መምህርት ጥፋተኛ ተማሪ ይዛ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ የምትሄድ ነው የሚመስለው። በመንገዱ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ ያይ ነበር።

"ማርሽ ቀይር፣ አባባ፣ ማርሽ!" ይላል ቱርቦ መሪውን እየመታ። "ይቺ መኪና እኮ መሮጥ ነው የምታውቀው! እንደ ሬሳ መኪና ነው የሚነዳት!"

"ዝም ብለህ ንዳ።"

ከገበያው ስንወጣ መንገዱ ሰፋ፤ አባቴም ትንሽ ፈጠነ። የእናቴ ሻሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ልትመልሰው እጇን አነሳችና ተወችው፤ ሽበቷ ተበተነ። ጥቂት ሄደው እጆቿ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አንዱን አወናጨፈች፣ ከዚያ ሁለቱንም። ጭንቅላቷ ወደ እሱ ወደ ታች ያዘነብላል።

"እያወራችው ነው!" አልኩ። ቱርቦን ክንዱን ያዝኩት።

"እየሰደበችው ነው።"

"ይሁን! ስድብም ንግግር ነው።"

ወደ ትልቁ ኩርባ ገባን። እናቴ ሞተር ላይ እንዳለች ሁሉ ወደ ኩርባው ተጋደመች፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና ስትጋደም ትከሻዋ አባቴ አናት ላይ አረፈ። አባቴ አልገፋትም። ይልቅ እሱም አብሯት ተጋደመ። ሁለት አዛውንቶች፣ እነሱ ካላዘነበሉ መኪናዋ የማትዞር ይመስል፣ እስከ ኩርባው ጫፍ ድረስ እንደተጋደሙ ሄዱ።

"ምን ሆነው ነው?" አለ ቱርቦ ሳቁ እያነቀው። "መሪ እኮ አላት! በመሪ ነው የምትዞረው!"

ወደ እኔ ቤት የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ መብራት ያዘን። መብራቱ ሲለቅ መኪናዋ አልታጠፈችም። ተሻግራ ሄዳ ችግኝ ከሚሸጡበት ቦታ አጠገብ ዳር ያዘች። ቱርቦ ከኋላዋ አቆመ። እኔ ወርጄ ቀረብኩ። ጣሪያው ክፍት ስለሆነ ሁሉ ነገር ይሰማል፤ እነሱ ግን አላዩኝም።

"ይሄ ሁሉ ነፋስ ላንተ ብቻ ነበር?" ትለዋለች እናቴ። "መንገዱ እንዲህ እየተከፈተ ነበር የሚመጣልህ? እኔ እኮ ያየሁት ጃኬትህን ነው። የጃኬትህን ስፌት ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ።"

"እንዳይበርድሽ ብዬ ነው የምከልልሽ።"

"ማን ከልለኝ አለህ? መቼ ጠየቅከኝ? ስትከልለኝም አልጠየቅከኝ፣ ስትሸጠውም አልጠየቅከኝ።"

አባቴ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው።

"አሁን እየነዳህ አይደለም፤ ቆመሃል" አለችው። "ለምን ሸጥከው?"

አባቴ በዓይኑ የሚፈታ ነገር ሲፈልግ አየሁት፤ የፍጥነት ቆጣሪውን መስታወት፣ የማርሹን እጀታ። ምላሴ ላይ አንድ ሙሉ ክርክር መጥቶ ነበር፤ ነክሼ ያዝኩት።

"ሆስፒታል ሆነሽ ልጠይቅሽ መጥቼ ስመለስ" አለ በመጨረሻ፣ ለመስታወቱ እንደሚናገር፣ "መብራት ያዘኝ። ቀይ ሲሆን ጉልበትሽን መታ አደርግ የለ?"

"ታደርጋለህ።"

"እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ። የለሽም። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ሰላም ያልኩት መስሎት ጥሩንባ ነፋልኝ።" መሪውን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገ። "መብራቱ ለቀቀ፣ እኔ መሄድ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ መብራት ባየሁ ቁጥር እጄ ይሄዳል። ተው ብለው አይሰማኝም። እንደዚያ እያልኩ ልኖር አልቻልኩም፤ ሸጥኩት።"

እናቴ ከላይ ሆና ወደ እሱ ዞረች።

"ይሄን ነው መናገር ያቃተህ?"

"ሞኝ ነገር ነው።"

"አዎ፣ ሞኝ ነገር ነው" አለች፤ ድምጿ ግን ተሰበረ። "እኔ ደግሞ፣ ዳሌዋ አለቀ ብሎ ከሞተሩ ጋር እኔንም አብሮ ሸጠኝ ብዬ... ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ሳይ ነው የማድረው። አንተ ሰውዬ፣ እዚያው አጠገቤ ተኝተህ!"

"አንቺን?" አለ አባቴ። ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያያት። "አንቺን ማን ይሸጣል? ማንስ ይችልሻል?"

ሳቀች። በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ እኔን አየችኝ።

"አንቺ ደግሞ ምን ቆመሽ ትሰሚያለሽ? ችሎት ነው?"

"እማዬ፣ ክፍሉን አጽድቼ..."

"መጻሕፍትሽን መልሺበት። ሻንጣዬንም ቤት አድርሱልኝ፤ ቁልፉ አበባው ሥር ነው።"

"እናንተስ?"

"እኛ እስከ ግድቡ ሄደን እንመጣለን።"

"መኪናው የልጁ ነው" አለ አባቴ።

"ልጁ ፒካፕ አለው።" ቀበቶዋን አስተካከለች። "በል ንዳ። ስለ ሄልሜቶቹ ደግሞ አልጨረስንም፤ የኔንስ ለማን ሰጠኸው?"

ሄዱ። ቱርቦ ወርዶ አጠገቤ ቆመ፤ ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። መኪናዋ ዳገቱን ስትወጣ የእናቴ እጅ አሁንም በአየር ላይ ይወናጨፋል። እጇ ባረፈ ቁጥር የአባቴ ጭንቅላት ወደ እሷ ወደ ላይ ይዞራል።

"ፊት ለፊት ይይ እንጂ!" ብሎ ጮኸ ቱርቦ። "መኪናዬን! አባባ፣ መንገዱን እይ!"

"ዝም በል" አልኩት። "እየመለሰላት ነው።"